የተቆረጠውን ከመቀጠላችን በፊት

አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሥራ ሲያቆም በብዙዎቻችን ቤት የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይሠራልናል?» የሚል ነው። «ለምን ቆመ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይነሣ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ልማድ በአንድ የታወቀ ዕቃ፣ ይኸውም በተለምዶ «ቦይለር» እያልን በምንጠራው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ አማካይነት ልንመረምረው ወደድን። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቦይለር ውኃን፣ ኤሌክትሪክን፣ ሙቀትንና ግፊትን በአንድ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አጣምሮ የሚይዝ በመሆኑ፣ ስለ ብልሽቱ የሚሰጥ የተሳሳተ ፍርድ ከሌሎች የቤት ዕቃዎች ይልቅ ብዙ ያስከፍላል፤ ሕይወትንም ሊያስከፍል ይችላል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ የተቋቋመ ነው። አያት፣ ሰሚትና ቦሌ አራብሳን የመሳሰሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች በዚሁ ወገን ይገኛሉ። በእነዚህ ሕንፃዎች በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ቦይለር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ነዋሪው ደግሞ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣና መብራት ሳይናገር እንደሚሄድ በሚገባ ያውቃል። ከቦይለሩ ጋር በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው መመሪያ ግን ይህን አያውቅም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ውኃው ሳይቋረጥ፣ ቮልቴጁም ከ220 ብዙም ፈቀቅ ሳይል እንደሚኖር አስበው ነው የጻፉት። ስለሆነም «ቦይለሩ አልሞቅ አለ» የሚለውን ችግር ለመረዳት የራሳችንን ሁኔታ ጨምረን ማሰብ ይኖርብናል።

በመጀመሪያ «አልሞቅ አለ» የሚለው አነጋገር ራሱ መጣራት አለበት። 50 ሊትር የሚይዝና 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር እንውሰድ። የሚገባው ውኃ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ የምንፈልገውም 60 ዲግሪ ነው ብንል፣ ውኃው 43 ዲግሪ መሞቅ አለበት። አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ለ50 ሊትር 9,000 ኪሎጁል ገደማ ወይም 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህም በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ ቦይለሩን አብርቶ በግማሽ ሰዓት ሙቅ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ብልሽት ሳይኖር ብልሽት እየፈለገ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚያድግና ስለሚቀንስ፣ 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ 1,500 ዋት የነበረው ቦይለር 1,000 ዋት ብቻ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ሲሆን ኃይሉ የቀነሰው ግን አንድ ሦስተኛ ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የነበረውም ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ ደግሞ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ከቦይለሩ ጋር አብሮ ሲበራ በአንድ ቤት ብቻ ወደ 23 አምፔር ይፈሳል። በመስመሩ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖር ከ11 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥዱ ምን እንደሚሆን አምፖሉን አይቶ መገመት ይቻላል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል ብዛትና በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ብዙ ሽቦ፣ ብዙ ትራንስፎርመርና ብዙ ምጣድ አለ።

ታዲያ ቦይለሩ በእርግጥ መበላሸቱን ወይም ኃይል አንሶት መድከሙን ያለ ባለሙያ እንዴት እናውቃለን? ለዚህ የሚሆን መለኪያ በየቤቱ ተሰቅሏል፤ እሱም ቆጣሪው ነው። በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ኃይል ሲያልፍ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች። አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል የሚገልጽ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ 1,000 ቢሆን፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ባለ 1,500 ዋቱ ቦይለር ብቻ ሲበራ መብራቷ በደቂቃ 25 ጊዜ ብልጭ ማለት ይገባታል። 17 ጊዜ ብቻ ብትል ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። ቦይለሩ ቢበራም ቢጠፋም ለውጥ ከሌላት ግን ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል። በሰዓትና በዓይን ብቻ የሚደረግ ልኬት ሆኖ ይህን ያህል የሚናገር ሌላ አናውቅም። መቁጠሩም ለማንኛውም ተማሪ የተፈቀደ ነው፤ ቆጣሪውን መክፈት ግን አይደለም።

በአሜሪካና በካናዳ እንደ ቤት የሚኖርባቸው ተጓዥ መኪናዎች አሉ። ብዙዎቹ 23 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ አላቸው። ማሞቂያው በጋዝ እየሠራ በኤሌክትሪክ እንቢ ሲል ባለቤቱ ግማሹን ምርመራ ሳይደክም ጨርሷል፤ ጋኑም ውኃውም ቧንቧውም ደኅና ናቸው፣ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ወገን ነው። በእነዚህ መኪናዎች በሰፊው የሚታወቀው የጥፋት ምክንያት የሚገርም ነው። ውኃው በረዶ ሆኖ ጋኑን እንዳይሰነጥቀው በክረምት ይደፋል፤ በጸደይ ባለቤቱ ጋኑን ከመሙላቱ በፊት የኤሌክትሪኩን ቁልፍ ይጫናል። ባዶ ጋን ውስጥ የበራው የማሞቂያ ዘንግ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

በእኛ አገር ውኃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ አይሆንም። ነገር ግን ፈረቃ አለ። በሕንፃው የላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ይከፍታል፤ ውኃ የለም። ሳይዘጋው ይሄዳል። በተከፈተው ቧንቧ አየር ሲገባ፣ በጋኑ ያለው ውኃ በመጣበት መንገድ ወደ ታችኛው ፎቅ ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን በመግቢያው ላይ ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይደረጋል፤ ቫልቩ አርጅቶ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ካልተገጠመ ግን የሚያግደው ነገር የለም። ከዚያም መብራት ከውኃ ቀድሞ ይመጣል። ባለሙያዎች «ሬዚስታንስ» የሚሉት የማሞቂያ ዘንግ ውኃ ውስጥ ሳለ ሙቀቱን ወዲያው ለውኃው ስለሚያስረክብ ገላው ከውኃው ብዙም አይበልጥም። አየር ግን ሙቀትን እንደ ውኃ አይቀበልም፤ ዘንጉ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ደርሶ ይግላል፣ ሽፋኑም ይሰነጠቃል። በሰፈራችን «መብራቱ መጥቶ አቃጠለው» የሚባለው ወቀሳ አንዳንዴ እውነት ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የመብራት መምጣት ሳይሆን የውኃ አለመኖር ይመስለናል።

ሌሎቹ ምክንያቶች ዝግ ብለው የሚመጡ ናቸው። በውኃ ውስጥ የሟሟ የካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል፤ በሻይ ማፍያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በአመዛኙ ከወንዝና ከግድብ ውኃ ይልቅ ይህን ንጥረ ነገር ስለሚያበዛ፣ የጉድጓድ ውኃ የሚደርሰው ቤት ቦይለር ቶሎ ይለብሳል። ልብሱ ሙቀትን ስለሚከለክል ዘንጉ ከውስጥ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ጋኑን ከዝገት ለመጠበቅ በውስጡ የሚተከለው የማግኒዥየም ዘንግም እንዲሁ በራሱ መበላት ብረቱን እያተረፈ ቆይቶ አንድ ቀን ያልቃል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑት የኤሌክትሮኬሚካል ተርታ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል።

የላላ ብሎን ደግሞ አለ። ሽቦው ከቦይለሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በ6.8 አምፔር 23 ዋት ሙቀት በአንዲት የብሎን ራስ ላይ ይፈጠራል። ይህም የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ከሚያቀልጥበት መሣሪያ ጋር የሚቀራረብ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል፤ ሽታው ካለ ቁልፉን ማጥፋት እንጂ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። በቦይለሩ ውስጥ ሁለት የሙቀት ጠባቂዎች አሉ። አንዱ ቴርሞስታት ሲሆን በመረጥነው ሙቀት ላይ መብራቱን እየቆረጠና እየቀጠለ ይሠራል። ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ሥራውን ባይሠራ እንኳ ውኃው ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ነው፤ በብዙ ቦይለሮች ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል መብራቱን ይቆርጣል። በዚህ ጽሑፍ «ቆራጩ» እንበለው። ቆራጩ አንዴ ከቆረጠ በብዙ ሞዴሎች በራሱ አይመለስም፤ አንዲት ትንሽ ቁልፍ በእጅ መጫን አለባት። ይህም ስንፍና ሳይሆን ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሰው መጥቶ ምክንያቱን እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ነው።

ሆኖም ሰው ይመጣል፤ ምክንያቱን ግን አይጠይቅም። በሠራተኞች ዘንድ «ዳይሬክት ማድረግ» የሚባል አሠራር አለ። ቆራጩ ሲቆርጥ፣ ወይም በተደጋጋሚ ሲቆርጥ፣ በቁራጭ ሽቦ ይታለፍና ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ዘንጉ ይለቀቃል። ቦይለሩ ያን ቀን ይሞቃል፤ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ሠራተኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኛ ይህን ጥገና ብለን ለመጥራት እንቸገራለን። ቆራጩ የቆረጠው አንድም የቴርሞስታቱ ጥርሶች ተጣብቀው አልላቀቅ ስላሉ፣ አንድም ዘንጉ በቅርፊት ታፍኖ ወይም ውኃ አጥቶ ስለጋለ ነው። ዘንጉ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ጋኑ ሲያፈስ፣ በዚያ ላይ ፌዙና ኒውትራሉ ተገላብጠው ተገጥመው ከሆነ ደግሞ፣ ቴርሞስታቱ ቆርጦም እንኳ ማሞቁ ሊቀጥል ይችላል። ከእነዚህ አንዱም በቁራጭ ሽቦ አይድንም። ሁሉም ግን በቁራጭ ሽቦ ይሸፈናል።

የሚቀረው ጠባቂ ሴፍቲ ቫልቩ ብቻ ይሆናል። ስለ እሱም የሚነገር አለ። 50 ሊትር ውኃ ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ በማሞቅ ጊዜ ቫልቩ ጥቂት ጠብታ ቢያወጣ ሥራውን እየሠራ ነው። ይሁን እንጂ «አፈሰሰ» ተብሎ የሚደፈንበት ቤት አለ። ቆራጩ ታልፎ፣ ቫልቩም ተደፍኖ፣ ቴርሞስታቱ የተጣበቀ ዕለት ምን ሊደርስ እንደሚችል እናስላ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ድስት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በተዘጋ ጋን ግን ግፊቱ ስለሚከለክለው ውኃው ሳይፈላ 120 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጋኑ ቢሰነጠቅ ግፊቱ በድንገት ይጠፋል፤ ውኃውም ወደ 92 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ትርፉን ሙቀት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። የ28 ዲግሪው ልዩነት በ50 ሊትር ውኃ ወደ 5,900 ኪሎጁል ይሆናል። ይህም 2.6 ኪሎግራም ያህል ውኃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱም በዚህ ከፍታ ከአምስት ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። የአንድ ጠባብ መታጠቢያ ቤት አየር በሙሉ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። በሩ ተዘግቶ ውስጥ ሰው ቢኖርስ?

ከፍንዳታው ይልቅ በጸጥታ የሚመጣው አደጋ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። የተሰነጠቀ ዘንግ ውኃውን ራሱን ከፌዙ ጋር ያገናኘዋል። የመሬት ሽቦው በትክክል ከተገናኘ፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያጋጥም በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ብሬከርም ከተገጠመ፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ሰውየው «ደግሞ ብሬከሩ ወረደ» ብሎ ይማረራል እንጂ አይሞትም። የመሬት ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ ተቆርጦ የቀረ ከሆነ ግን ቧንቧውን ሲነካ የሚሰማው ያ ትንሽ መንዘር ማስጠንቀቂያ ነው። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል» የሚለው አባባል ከምንሰማቸው አነጋገሮች ሁሉ የሚያስፈራን ነው።

በሠራተኞቹ ላይ ብቻ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም። ደንበኛው የሚከፍለው ለሙቅ ውኃ እንጂ ምክንያትን ለመፈለግ አይደለም። ሁለት ሰዓት መርምሮ «ቴርሞስታት ያስፈልጋል፤ ዛሬ አይሞቅም» የሚለው ሠራተኛ ሥራውን ያጣል፤ በአሥር ደቂቃ «ዳይሬክት» የሚያደርገው ግን ስልኩ ለጎረቤት ይሰጥለታል። ለዚያ ሞዴል የሚስማማ መለዋወጫ ሱቅ ለሱቅ ተፈልጎ የማይገኝበት ጊዜም አለ። የጥገናውን ጥራት የሚወስነው የሠራተኛው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የደንበኛውም ጥያቄ ነው ማለታችን ነው። ጥያቄው ከሌለ መልሱ አይመጣም።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ ነፃ አይደለም። የኦምን ሕግ የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ቮልቴጅና ተቃውሞ ተሰጥቶት ኤሌክትሪኩን ፈልግ ሲባል ያለ ስሕተት ይሠራል። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ቴስተር በእጁ ቢሰጠው ብዙ ጊዜ የቱን ጫፍ የት እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። የቃጠለ የቦይለር ዘንግ በየጥገና ቤቱ ጥግ ተጥሎ ይገኛል፤ ዋጋ የለውም። አንድ መምህር ደኅነኛና የተቃጠለ ዘንግ ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪዎቹ እንዲለኩ ቢያደርግ፣ የካሬው ቀመር ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ በእጃቸው ይገባል። ባለ 1,500 ዋቱ ዘንግ 220 ተካሬ ለ1,500 ሲካፈል 32 ኦም መሆን አለበት፤ ባለ 2,000 ዋቱ 24 ኦም። ቴስተሩ መጨረሻ የሌለው ተቃውሞ ካሳየ ዘንጉ ተቆርጧል። በዘንጉ ጫፍና በብረት ሽፋኑ መካከል ጥቂት ኦም ብቻ ካሳየ ደግሞ ያ ዘንግ ቢሞቅም መጣል አለበት። ይህ ሙከራ ግድግዳ ላይ ባለ ቦይለር የሚደረገው ብሬከሩ ወርዶ፣ ሽቦው ተነቅሎ፣ መብራት አለመኖሩም በመለኪያ ተረጋግጦ በባለሙያ ነው። በጠረጴዛ ላይ፣ ከመስመር በተለየ ዘንግ ግን ተማሪው ራሱ ይችላል።

ቦይለር ያለው አንባቢ በሚቀጥለው ጊዜ ሠራተኛ ሲጠራ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ እንመክራለን፦ የዘንጉ ተቃውሞ ስንት ኦም ሆነ? ከዘንጉ ወደ ጋኑ ፍሳሽ አለ ወይ? ቆራጩ ቆርጦ ከነበረ ምን አስቆረጠው? የመጀመሪያውን መልስ ከቀኑ ጋር በማይለቅ ቀለም በቦይለሩ የታችኛው ክዳን ላይ ያጽፍ። የሚቀጥለው ሠራተኛ ክዳኑን ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው ያ ቁጥር ይሆናል።